የቱርጉናይ ድምፅ የማይሰማበት ሰርግ

በኪርጊዞች አገር፣ በኡዝገን ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሰው ሲሞት ከኢማሙ ቀድሞ የሚጠራ ቢኖር ቱርጉናይ ነበረች። መኪና ይላክላታል። ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ነጩ የሱፍ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ገብታ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቁጭ ትላለች። አንዴ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ከጀመረች እንኳን የሟች ወገን፣ በግ ሊያርድ የመጣው ጎረምሳም ቢላውን አስቀምጦ ይነፋረቃል።

ሙሾዋ ታዲያ ማር ብቻ አልነበረም። ሟቹን እያሞገሰች ቋሚውን ትሸነቁጣለች። አንዴ አንድ ሽማግሌ ክረምቱን ብቻቸውን ሲንቀጠቀጡ ከርመው ሞቱ። ልጆቻቸው ከቢሽኬክም ከኦሽም ባዳዲስ መኪና ከች አሉ። ቱርጉናይ ድንኳኑ ውስጥ ሆና እንዲህ አለች፤

ከሰል የሚያመጣ ልጅ አጥቶ ሲበርደው የከረመ፣
ዛሬ ሲሞትማ ስንቱ መኪና ደጁ ቆመ።

ወንዶቹ እንደ ለቅሶው ልማድ ውጪ ምርኩዛቸው ላይ ተደፍተው ነበር፤ ማን በሐዘን፣ ማን በሳቅ እንደሚንቀጠቀጥ መለየት አልተቻለም። በቁሙ እናት አባቱን ያልጠየቀ ሁሉ የሚፈራት ለዚህ ነው። ቢፈሯትም መጥራታቸውን አልተዉም፤ ያለሷ የተቀበረ ሰው ሜዳ ላይ የተጣለ ይመስላቸው ነበር።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሁለት ልጆች አሏት። ሴቷ፣ ሚርጉል፣ ካገባች በኋላ ከባሏ ጋር ሞስኮ ሄዳ የፎቅ ደረጃ ትወለውላለች። ወንዱ፣ ኤርመክ፣ ባዛሩ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እናቱ ቤት ይኖራል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መስጊድ አዘውትሮ ከሐጂ ቶክቶማት ጎን አልጠፋም ብሏል። ሐጂ ቶክቶማት የሰፈሩ ሀብታምም የሰፈሩ ተቆጪም ነው። ሙሾ ሐራም ነው እያለ ስንት ዘመን ጮኸ። ሰዉ "ልክ ነው ሐጂ፣ ልክ ነው" ይለዋል፤ ሰው ሲሞትበት ግን ለቱርጉናይ መኪና ይልካል።

ነገር የተበላሸው በሚርጉል የሰርግ ቪዲዮ ነው። ልጅ ስትዳር፣ ሙሽራዋ ከደጅ ሳትወጣ፣ እናት የመሸኛ ሙሾ ታወርዳለች። እናትየዋ ቱርጉናይ ስትሆን ደግሞ ምኑ ይነገራል፤ ያን ቀን ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። ካሜራማኑ አንገትጌዋ ላይ ትንሽ ማይክ ሰክቶላት ነበር። የማይኩን ገመድ ራሱ ነው የበየደው፤ ፋብሪካም እንዲህ አይሠራ እያለ ይጎርርበት ነበር። ሲዲውን በቴሌቪዥን ሲያዩት ድምፅዋ ትንሽ እንግዳ ነገር ነበረው፤ ከፊት ሳይሆን ከጀርባ የሚመጣ ይመስላል። ግን ይሰማል። ጎረቤት እየተሰበሰበ ስንቴ አለቀሰበት።

ከዚያ ማጫወቻው ተበላሸ፤ ሲዲውም ሳጥን ገብቶ ተረሳ። ባለፈው መኸር ሚርጉል ለእናቷ ደወለች።

"አፓ፣ የሰርጌን ቪዲዮ በስልክ ላኩልኝ። ስወለውል ድምፅዎን ልስማው። እዚህ የሚያናግረኝ ባልዲው ብቻ ነው።"

ኤርመክ ሲዲውን ይዞ ባዛር ሄደ። ቪዲዮ ወደ ስልክ የሚቀይረው ኢልሆም የሚባል ኡዝቤክ ነው፤ ሱቁ በኤርመክ ሱቅ ትይዩ ናት። የኢልሆም አሠራር አንድ ነው። የሰዉ ስልክ ርካሽ ስለሆነ ቦታም የለው፣ ስፒከሩም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ቪዲዮ ይጨምቀዋል፤ የግራና የቀኝ ድምፁንም አንድ ላይ ቀላቅሎ ያሳንሰዋል። ማንም አማሮት አያውቅም። የሚርጉልንም ሰርግ እንደሌላው ሁሉ ቀላቅሎ ሰጠ፤ ኤርመክም ቁጭ ብሎ ሳያየው ለእህቱ ላከ፣ በዚያው የዘመድ ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ከዘመድ ወደ ሰፈር ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የሰፈሩ ሰው ቪዲዮውን ከፈተ። በጉ ይጮኻል። የሻይ ፒያላ ከፒያላ ሲጋጭ ይሰማል። ውሻው ይጮኻል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ አንድ ሽማግሌ ያስላል። ሚርጉል ስትንሰቀሰቅ ይሰማል። መሀል ላይ ቱርጉናይ አለች፤ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። የሷ ድምፅ ግን የለም።

ሐጂ ቶክቶማት ከመስጊድ ደጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ በዙሪያው ለቆሙት እንዲህ አላቸው፤ "አላህ የበጉን ድምፅ አልወሰደ። የውሻውን አልወሰደ። የወሰደው የማንን ነው?"

 በዚህ በኛ ሰፈር ሰው ለስብከት ጆሮ ባይኖረውም ለምልክት ግን ጆሮው ቀጥ ነው። ይህንኑ ሙሾ ድሮ በቴሌቪዥን በጆሯቸው ሰምተው ያለቀሱት ሰዎች ነገሩን አባሱት። "ነበረ እኮ! ሰምተነው ነበር! ታዲያ ማን ወሰደው?" ተባባሉ። ሽቦ ነው፣ ማሽን ነው ብሎ ያሰበ አንድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት መኪናው በቱርጉናይ ደጅ እያለፈ ቁርዓን የሚቀራ ሰው ሊያመጣ ይሄድ ጀመር። እሷም በመስኮት ታየዋለች። ሰላምታ እንኳ የሚሰጧት ቶሎ ብለው ነው፤ የሚተላለፍ በሽታ የያዛት ይመስል።

ሚርጉል ደግሞ ከሞስኮ እያለቀሰች ደወለች። "አፓ፣ ድምፅዎን እርስዎ አስጠፍተውት ነው? ሐራም ነው ብለው አስጠፍተውት ነው?"  ይህን ያህል ዘመን ለሰው ሁሉ ቃል ስታቀብል የኖረች ሴት ለልጇ የሚሆን ቃል አጣች።

አንጀቷን የቆረጠው ግን የሳልታናት ነገር ነው። ሳልታናት የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ሩዝ ማሳ ውስጥ ጭቃ እየተራጨች አብራት ያደገች። ጉበቷ ታሞ ከተኛች ሰንብታለች፤ እንደማትነሳ እሷም ታውቀዋለች። ቱርጉናይ ልትጠይቃት ስትሄድ ሁሌም የሚያወሩት ስለዚያው ነበር።

"ቆንጆ ነበረች ብለሽ እንዳታሞግሺኝ" ትላለች ሳልታናት፣ "ሰዉ ይስቅብሻል። ባሏን በማማሰያ የመታች ብለሽ ጀምሪ።"

"ማማሰያው ተሰበረ፣ ባልየው ዳነ እላለሁ።"

"እሱን እንዳትረሺ። የምራቴንም ፓሎ አንሺልኝ፤ የቀቀለችው ሩዝ እንደ ጠጠር ጥርስ ይሰብራል።"

"አንቺ፣ ሞተሽም ምራትሽን አትተያትም?"

"በቁሜማ ማን አስደፍሮኝ! ለዚህ አይደል አንቺን የያዝኩት?"

ያን ቀን ግን ሳልታናት አልቀለደችም። የቱርጉናይን እጅ ያዘች። "ልጆቼ ፈርተዋል" አለቻት። "ሙሾ ከተወረደ እናታችሁ መቃብር ውስጥ ትሰቃያለች ብሏቸዋል ያ ሐጂ። ሱዩንቤክ እንኳ፣ ያ ትልቁ ልጄ፣ አፓ ይቅርብን አለኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን በጩኸት ኖሬ እንደ ዲዳ ልሄድ ነው? ድምፅሽን ፈልገሽ አምጪና አሳዪያቸው። ቶሎ በይ። እኔ ብዙ የምጠብቅ አይመስለኝም።"

ቱርጉናይ ሲዲውን ከሳጥን አውጥታ በቀጥታ ኢልሆም ሱቅ ሄደች። ገና ሲያያት እንደ ታላቅ እህት አክብሮ ብድግ አለ።

"ኤጄ! ይግቡ፣ ይግቡ። ሻይ ልቅዳ?"

"ሻይህን ተወው። በጉን ሰምቼዋለሁ፣ ውሻውንም ሰምቼዋለሁ። የኔን ድምፅ የት ጣልከው?"

ኢልሆም ፊቱ ቀላ። "እሱን እኮ ለወንድሜ ለኤርመክ ባይኬ..." አለና ሳል ያዘው።

"ለኤርመክ ምን?"

"ኧረ ምንም። ሲዲውን ይስጡኝ እስቲ።"

ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከቶ ማዳመጫ በጆሮዋ አደረገላት። ቱርጉናይ ድንግጥ ብላ በሩን ዞራ አየች፤ ከጀርባዋ ሰው የጠራት መስሏት ነበር። የራሷ ድምፅ ነው፤

ጠጉርሽን መጎንጎን እጄ የለመደ፣
ጠዋት ምን ሊሠራ ነው፣ አንቺን ሰው ከወሰደ።

አለቀሰች። ለሚርጉል ይሁን ለራሷ አታውቅም፣ ብቻ አለቀሰች። ኢልሆም ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ረጋ ስትል ያስረዳት ጀመር።

"ቪዲዮው ሁለት ድምፅ አለው ኤጄ፤ የግራና የቀኝ። ካሜራማኑ ገመዱን ሲበይድ በአንዱ በኩል ሽቦውን ገልብጦታል። የርስዎ ድምፅ በግራ ሲገፋ በቀኝ ይስባል። ቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከር ስላለው ሁለቱም ለየብቻ ይወጣሉ፣ ስለዚህ ይሰማል። እኔ ለስልክ እንዲሆን ብዬ ሁለቱን ቀላቀልኳቸው። አንድን በር ሁለት ሰው ከውስጥና ከውጪ እኩል ቢገፋው በሩ ይነቃነቃል?"

"የት ይነቃነቃል።"

"እንደሱ ነው። ድምፅዎ ራሱን በራሱ ያዘው። በጉና ውሻው በካሜራው ማይክ ስለገቡ ገመዱ አልነካቸውም። ካሜራው ከሩቅ የያዘው የርስዎ ድምፅማ በግቢው ለቅሶ ተውጧል።"

"ታዲያ አላህ የለበትም?"

"አላህ የሌለበት ነገርማ የለም፤ ይቺን ግን ያበላሸኋት እኔ ነኝ።"

የቀኙን ጥሎ የግራውን ብቻ ወሰደና እንደገና ለስልክ ቀየረላት። ሥራው ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም። ቱርጉናይ ስልኳን ከፍ አድርጋ ከፈተችው፤ ድምፅዋ ሱቁን ሞላው፣ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየ።

"አሁን ይህን ለሐጂ ቶክቶማት ንገርልኝ" አለችው።

ኢልሆም አንገቱን ደፋ። "ኤጄ፣ ሱቁ የሐጂው ነው። እኔ ተከራይ ነኝ። ደግሞ ኡዝቤክ መጥቶ በኪርጊዝ ሙሾ ሐጂን አረመ ይባልልኝ? ይማሩኝ።"

ማረችው። ደስታዋ ለቂም ቦታ አልተወላትም። በቀጥታ ሳልታናት ቤት ሄዳ ስልኩን ሱዩንቤክ ፊት ከፈተችው። ሱዩንቤክ ጆሮውን ሰጥቶ ሰማ፣ ከዚያ ጢሙን እያሻሸ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

"ኤጄ፣ እኔማ አምንዎታለሁ። ግን ዛሬ ኮምፒውተር የሞተ ሰው ያዘፍናል። አሠርታ መጣች ይላሉ። ሲዲውን ወስዶ ያስቀየረው ልጅዎ ነው አይደል? ኤርመክ አንዲት ቃል ለሐጂ ይናገር። በማሽን ነው የጠፋው ይበል። የሱን ቃል ሐጂውም አይጥለውም።"

ሳልታናት ከተኛችበት ሆና "ወንድ የወለድኩ መስሎኝ ነበር" አለች። ሱዩንቤክ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ቱርጉናይ ይህን እንደ ከባድ ነገር አልቆጠረችውም። ልጇ ነው፤ አንዲት ቃል ናት። ኤርመክ ከሱቅ ሲመለስ የናን ዳቦውን ቆርሳ ሻዩን ቀድታ አቀረበችለት፣ ስልኳንም ከፍ አድርጋ ከፈተች። ኤርመክ ናኑን እያላመጠ እስከ መጨረሻው ሰማ። ቀና አላለም።

"አልገረመህም?" አለችው።

"ምኑ?"

"ኤርመክ፣ ድምፄ ተመለሰ እኮ ነው የምልህ። አልገረመህም?"

ፒያላውን አስቀመጠ። "ኢልሆም ያኔውኑ ነግሮኛል" አለ። "ለሚርጉል በላኩት ሰሞን። ሲዲውን አምጣ፣ በነጻ ላስተካክለው አለኝ።"

"እና?"

"ተወው አልኩት።"

ቱርጉናይ በደንብ ያልሰማች መሰላት። "ሐጂው ሰው ሰብስቦ ስሜን ሲያነሳ አንተ ታውቅ ነበር?"

"አጠገቡ ነበርኩ።"

"አጠገቡ ሆነህ ዝም አልክ?"

"አዎ፣ ዝም አልኩ!" አለ ኤርመክ፣ አሁን ድምፁ ከፍ ብሎ። "አፓ፣ እርስዎ ለሰው ሬሳ ሲሮጡ እኔና ሚርጉል በቀዝቃዛ ሻይ ነው ያደግነው። ትምህርት ቤት ስሜ ሙሾ ነበር። ኤርመክ ብሎ የሚጠራኝ አስተማሪ ብቻ ነው። ይሁን፣ እሱንስ ቻልኩት። አባቴ ሲሞት ምርኩዝ ይዤ ደጅ ቆሜያለሁ፣ አንጀቴ እርር ብሏል፣ ማልቀስ ፈልጌያለሁ። እርስዎ ውስጥ ሆነው ያወርዳሉ። ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌዎች ምን ይባባሉ እንደነበር ያውቃሉ? 'ዛሬ ራሷን በለጠች' ይላሉ። ገበያ ላይ ፈረስ የሚያደንቁ ይመስሉ ነበር። እርስዎ የአባቴን ሞት ወስደው ለሰው ጨዋታ አደረጉት። እኔ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም።"

ቱርጉናይ ይህን ሰምታ አታውቅም። ስለ ስንቱ ቤት ጉድ የምታውቀው ሴት የራሷን ቤት አታውቀውም ነበር። ልታቅፈው እጇን ዘረጋች፤ ሸሸት አለ።

"ልክ ነህ እንበል" አለችው በለሰለሰ ድምፅ። "እኔን ቅጣኝ። ሳልታናት ምን አደረገችህ? ዳቦ እየቆረሰች አብልታሃለች። ለሷ ስትል አንዲት ቃል ለሐጂ ንገረው፤ ከዚያ በኋላ አያውርዱ ካልከኝ አላወርድም።"

"አልነግረውም" አለ ኤርመክ። "ሰዉ ገና አሁን ነው በስሜ የጠራኝ።" ተነስቶም ወጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቤት እየኖሩ ሰላምታ ብቻ ሆኑ። ሳልታናትም ብዙ አልጠበቀችም፤ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሰሞን ሞተች።

ግቢው ውስጥ ነጩ ድንኳን ተተከለ። ሴቶቹ የቦርሶክ ሊጥ በዘይት ይጠብሳሉ፣ ወንዶቹ ምርኩዛቸውን ይዘው ደጅ ተሰልፈዋል፤ ኤርመክም ከነሱ ጋር ቆሟል። ሐጂ ቶክቶማት ከፊት ነው። ቱርጉናይ እንደማንኛዋም ለቀስተኛ ልትገባ ስትል ሱዩንቤክ መንገዷን ዘጋ። ዓይኑ ደም መስሏል። ሐጂው እንዲሰማ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው።

"ኤጄ፣ እናቴ ነፍሷ ሳይወጣ አስምላኛለች። ሐራም ከሆነም በኔ ይሁን። ይግቡና ያውርዱላት።"

ሐጂው ጢሙን ነክሶ ዞር አለ።  ኤርመክ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የእናቱን ምላስ ያውቀዋል፣ ቋሚን እንዴት እንደምትሸነቁጥም ያውቃል። ምርኩዙን ጨብጦ ተደፋ።

ቱርጉናይ ገብታ ከሳልታናት አስከሬን አጠገብ ተቀመጠች። ሴቶቹ ከኋላዋ ተጠጋጉ። አንዷ "እሰይ" ብላ ስትተነፍስ ተሰማ። ስንት ጊዜ የተለማመዱት ሙሾ ነው፤ ማማሰያው አለ፣ ፓሎው አለ፣ የሩዝ ማሳው ጭቃ አለ። ጉሮሮዋን ጠረገች። አፏን ከፈተች። ሴቶቹ ጠበቁ። 

አፏን መልሳ ዘጋች።

ትንሽ ቆይታ እንደገና ሞከረች።  የሳልታናት ምራት፣ ያቺ በፓሎዋ የምትታማው፣ ጠጋ ብላ "ኤጄ፣ ውሃ ላምጣ?" አለቻት። ቱርጉናይ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ወንዶቹ ገብተው አስከሬኑን እስኪያነሱ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣትም። ያቺ ዕድሜ ልኳን ስትጮህ የኖረች ሴት እንዲያው ዝም ተብላ ተሸኘች።

ከቀብር መልስ ኤርመክ እናቱን በመኪናው ይዞ ሄደ።  ደጃቸው ሲቆም የታፈነው ትንፋሹ ወጣ።

"አፓ፣ አላህ ይስጥልኝ" አላት። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላዋረዱኝም። ለኔ ብለው መተውዎ ገብቶኛል።"

ቱርጉናይ የመኪናውን በር ከፍታ አንድ እግሯን ካወረደች በኋላ ዞር ብላ አየችው።

"ላንተ ብዬ አይደለም" አለችው። "ለሳልታናት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ግን አንተን የምቀብርበት ሙሾ ነው። ሰው በቁሙ እያለ ደግሞ አላወርድም።"